ሦስተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሴት

ሜይ 6፣ ሰኞ

አርካዲዩሽ ቢሮ አስጠራኝ። አባቱ ድርጅቱን ሲያቋቁም ይሄ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ቸኮሌት ይዞ ይንከባለል ነበር። ዛሬ «ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ሮማና» ይለኛል፣ ወንበሩን መርጬ ያስገዛሁት እኔ ሆኜ ሳለ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለሚቀጥለው ዓመት ከሁለታችን አስጎብኚዎች አንዳችን ብቻ ነን የምንቀረው። ወይ እኔ፣ ወይ ያቺ ሦስት ቋንቋ የምታውቀው ልጅ። በዚህ ወቅት በአንዱ ጉዞ ላይ ስውር ተቆጣጣሪ ተሳፋሪ መስሎ ይሳፈራል። የሚወስነው እሱ የሚሰጠው ነጥብ ነው። ማን እንደሆነና መቼ እንደሚሳፈር አይነገረኝም።

«ጆሮ ጠቢ ልትልክብኝ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ ወይዘሮ ሮማና! የጥራት ቁጥጥር ነው የሚባለው።»

ስሙን ማሳመር ያውቁበታል። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ልጅ የለኝም። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር አውቶቡሱ ቤቴ ነው፤ የተቀረው ወር በረዶና መስኮት ነው። ይሄን ከወሰዱብኝ ምን ይዤ እንደምቀር እኔም አላውቅ። ስለዚህ ይሄን ደብተር ገዛሁ። እነሱ እኔን ከጻፉ እኔም እነሱን እጽፋለሁ። መጻፍ ድሮም አይከብደኝም፤ የሚያነቡት ሰዎች ያመሰግኑኝ ነበር።

ሜይ 14፣ ማክሰኞ፣ ክራኮቭ

የከተማው አስጎብኚ ይዟቸው ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቷል። አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ዜኖን መስታወቱን እየወለወለ ያፏጫል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ እኔ ስናገር እሱ ሲነዳ፣ አንድ ቀን ዜማ ለውጦ አያውቅም።

አርባ ስድስት ሰው ይዘናል። ገና ከከተማ ሳንወጣ የፊት ወንበር ጦርነት ተነሣ። «እኔ ቀድሜ ነው የከፈልኩት!» «እኔ ወደ ኋላ ስቀመጥ ያስመልሰኛል!» እንደተለመደው።

ወንበር 1 እና 2፦ ጡረተኛ ኮሎኔልና ሚስቱ። ኮሎኔሉ ነገሥታቱን ሁሉ የቀበረ ይመስል በየዘመኑ ያርመኛል። ሚስቱ የተቀቀለ እንቁላል ትልጣለች፤ ሽታው እስከ መጨረሻው ረድፍ ደርሷል።

ወንበር 3፦ ሴት፣ ብቻዋን። አርባ ገደማ። ግራጫ ሹራብ፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ሻይ ያለ ስኳር። ሌላው ሁሉ ጡረተኛ ነው፤ የአርባ ዓመት ሴት በሥራ ቀን እዚህ ምን ትሠራለች? ቤተ መንግሥቱን አንዴም ፎቶ አላነሣችም። እኔን ሁለቴ አንሥታኛለች። ስናገር ትጽፋለች፣ ዝም ስል ታየኛለች።

ተቆጣጣሪዋን አገኘኋት። ለነገሩ ይሄን ያህል አለመደበቋ ይገርማል። በእኛ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰው በሁለተኛው ቀን ከሥራ ይባረር ነበር።

ሜይ 15፣ ረቡዕ

የጨው ማዕድን ማውጫ። ሁሉም ወረደ፣ እሷ ቀረች። «ጉልበቴን ያመኛል» አለች። ትናንት ኮረብታውን እንደ ፍየል ስትወጣው አይቻታለሁ። ሻይ ገዝታ አመጣችልኝ።

«ስንት ዓመት ሆነዎት በዚህ ሥራ?»

«አርባ።»

«ድሮ ወደ ውጭም ይወስዱ ነበር አሉ። ወደ ቡዳፔስት።»

«ማን አለ?»

«ሰው ያወራል እንጂ።»

ሰው እንዲሁ አያወራም። ስለ ቡዳፔስት ከዜኖን በቀር ለማን ነግሬ አውቃለሁ? ለማንም። ሻዩን ሳልጨርስ ተውኩት።

ሜይ 17፣ ዓርብ

ነዳጅ ማደያ። ተሳፋሪው መጸዳጃ ቤት ተሰልፏል። ዜኖንና ባለ ወንበር 3 ከአውቶቡሱ ጀርባ ቆመዋል። ከጎማው አጠገብ ደርሼ የሰማሁት ይሄን ብቻ ነው፦

«አሁን አይሆንም። ታገሺ። እሷን እኔ ነኝ የማውቃት።»

ስታየኝ ሄደች። ዜኖን ደግሞ ፊቱን እንደ ጥሩ ዳቦ አብርቶ፣ «የኔ እመቤት፣ አይስክሬም ልጋብዝሽ?» ይለኛል። «አንቺ» ነው ያላት። በሦስት ቀን «አንቺ»!

አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይዋሻል፣ ሲዋሽ ማየት ደግሞ አልፈልግም። ለመሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ሾፌሩም ይቀነስ ይሆን? ይሄን አርካዲዩሽን አልጠየቅኩትም። እኔን አሳልፎ ሰጥቶ ራሱን ሊያተርፍ ከሆነ ይገባኛል። ሰው ነው።

ጁን 4፣ ማክሰኞ፣ ማልቦርክ

መጣች!

ይሄ የሰሜኑ ጉዞ ነው፣ ሌላ ቡድን፣ ሌላ ሰው። እሷ ግን ወንበር 3 ላይ፣ በዚያው ግራጫ ሹራብ። በአንድ ወር ሁለት ጉዞ የሚጓዝ ጤነኛ ሰው የለም። «በጣም ስለወደድኩት ነው» አለችኝ። ምኑን ነው የወደደችው? የኮሎኔሉን ሚስት እንቁላል?

ስለ ቤተ መንግሥቱ ግንብ ስናገር በአንድ መቶ ዓመት ሙሉ ተሳሳትኩ። በሕይወቴ ተሳስቼው የማላውቀውን! እሷ አየችኝ፣ ከዚያ ጻፈች።

ማታ እራት ላይ ዜኖንን ያዝኩት። ዓሣውን እየበላ ነበር።

«ያቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«ተሳፋሪ ናት።»

«ከቢሮ የተላከች አይደለችም?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ነካሽ አንቺ ሴት?»

«ምን ታወራላችሁ ታዲያ?»

አጥንቱን ከአፉ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «ሮማና፣ ራሷ ትነግርሻለች። የኔ ወሬ አይደለም። አንቺ ደግሞ ሁሉንም መጠርጠር ተይ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል።»

ይሄን ለምን አለ? ተረቱ አፉ ላይ መጥቶለት ነው? ወይስ ያውቃል? ምኑን ነው የሚያውቀው? ጠረጴዛውን ጥዬ ተነሣሁ። ክፍሌ ገብቼ እንኳ ፊቴ ይግል ነበር።

ጁን 6፣ ሐሙስ፣ ቶሩን፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ለራሴ ግልጽ ላድርግ።

በዚያ ዘመን ቡድን ይዞ ድንበር የሚሻገር አስጎብኚ ሁሉ ሲመለስ ሪፖርት ይጽፍ ነበር። ሁሉም! የሥራው አካል ነበር፣ እንደ ሆቴል ደረሰኝ። የፓስፖርት ቢሮው ሰውዬ ወረቀቱን ይሰጥሃል፦ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ማን ምን ገዛ፣ ማን ስለ መንግሥት ቀለደ፣ ማን ላይመለስ ይችላል። ካልጻፍክ ፓስፖርትህ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ አንተም ልጆች ይዘህ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እያሳየህ ዕድሜህን ትጨርሳለህ። የምንፈርመው በስማችን አልነበረም። የኔ የዛፍ ስም ነበር።

እኔ የምጽፈው ደግሞ ተራ ነገር ነበር። እከሌ ሁለት የልብስ ካውያ ሸጠ። እከሊት ሦስት ጂንስ ደራርባ ለብሳ ድንበር ተሻገረች። ሰውዬው እያነበበ ይስቅ ነበር። «አንቺ እኮ ደራሲ ነሽ» ይለኝ ነበር።

በኔ ምክንያት የተጎዳ ማንም የለም። ማንም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ጽፏል። አሁን ሁሉም ንጹሕ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ተኝቼ ጣራ የማየው።

ጁን 7

ቁርስ ላይ ዜኖን አላናገረኝም። ከሷ ጋር ግን ሳቀ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

ጁን 12፣ ረቡዕ፣ ቤት

ጻፍኩ። ለአርካዲዩሽ፣ ሁለት ገጽ፣ በእጄ። ስሜን አልጠቀስኩም፣ «ተቆርቋሪ የሥራ ባልደረባ» ብዬ ፈረምኩ።

ከእውነት ውጭ የጻፍኩት የለም። ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ከአፉ አልኮል ይሸታል። እውነት ነው፣ ይሸታል። ከሴት ተሳፋሪ ጋር ከሥራው ጋር የማይያያዝ ግንኙነት ጀምሯል። እውነት ነው። እጁ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። ስድሳ ሦስት ዓመት ሲሞላ የማን እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ግን እውነት ነው።

ጨጓራውን ስለሚያመው በየማለዳው የሆድ ጠብታውን ስኳር ላይ አንጠባጥቦ ይውጣል። ጠብታው የሚዘጋጀው በአልኮል ነው። ይሄን አገር ያውቀዋል፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። አርካዲዩሽ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጻፍኩም።

ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ። እንደ ድሮው። አሁን እንኳን ሁለቱ ተመሳጥረው ሊጥሉኝ አይችሉም።

ጁን 20፣ ሐሙስ

ዜኖን ደወለ። ከጉዞው ሁለት ሰዓት በፊት ፖሊስ ጠርተው የአልኮል መለኪያ አስነፉት። ዜሮ! ንጹሕ ዜሮ። አርካዲዩሽ ግን «ወሬ ከወጣ ተሳፋሪ ይሸሻል» ብሎ መሪውን ነጠቀው። ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ እንዲያጥብ ተመድቧል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው።

«ማን ይሆን የጻፈብኝ፣ ሮማና?»

«የሰው ነገር፣ ምን ይታወቃል።»

«እኔ እኮ በሕይወቴ የጠጣሁት ለልጄ ሠርግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ» አለ። ከዚያ ሌላ ሰው ደወለልኝ ብሎ ዘጋው።

አዲሱ ሾፌር ማስቲካ ያኝካል፣ ሬዲዮውን አይቀንስም። ቀኝ ታጠፍ ስለው ምክንያት ይጠይቀኛል። ዜኖን ቢሆን ኖሮ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ይታጠፍ ነበር።

ጁላይ 3፣ ረቡዕ

ቢሮ። አርካዲዩሽ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለኝ። «እንኳን ደስ አለዎት! ከአምስት አራት ተኩል! ግማሿን የቀነሰው አንድ ንጉሥ ላይ በሦስት ዓመት ስለተሳሳቱ ነው።»

ተቆጣጣሪው ኮሎኔሉ ነበር።

ኮሎኔሉ! እንቁላል እየበላ! ነገሩ ሁሉ በመጀመሪያው ጉዞ አልቆ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የምቀረው እኔ ነኝ ማለት ነው።

«ሴትየዋስ? ወንበር ሦስት?»

«የቷ ሴትዮ? እኔ ሴት አልላክሁም።»

ከቢሮ ወጣሁ። መደሰት ነበረብኝ። ተቆጣጣሪ ካልሆነች ማን ናት? ለምን ቡዳፔስትን ጠየቀችኝ? ለማን ነው የምትጽፈው?

ጁላይ 4

እና ዜኖን? ዜኖን ምን አደረገ?

አላደረገም። ምንም አላደረገም። ይሄን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት፣ ከዚያ ተመልሼ ከፈትኩት። ነገ ለአርካዲዩሽ ስለ ጠብታው እጽፋለሁ።

ጁላይ 17፣ ረቡዕ

አልጻፍኩም። ብጽፍ ያኛውንም የጻፍኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል። የሐሰት ጠቋሚ ይዞ የሚቀጥል ድርጅት የለም፤ ገና ትናንት ያገኘሁትን በገዛ እጄ ልጣለው?

የተሳፋሪ ዝርዝር አገላበጥኩ። ቤአታ ሬይማን፣ ከኦፖሌ። ሬይማን የሚባል ሰው አላውቅም። ግን የባሏ ስም ይሆናል። የአባቷስ? ይሄ በዝርዝሩ ላይ የለም።

በሴፕቴምበሩ ጉዞም ተመዝግባለች። ወንበር 3።

ኦገስት 15፣ ሐሙስ

በዓል ነው። ሰው ሁሉ የአበባና የቅጠል እቅፍ ይዞ ሊያስባርክ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እኔ ጋራዥ ሄድኩ። ዜኖን ብቻውን አውቶቡሳችንን ያጥባል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ እርሷል። አያፏጭም።

«በበዓል ቀን?» አልኩት።

«ቆሻሻ በዓል አያውቅም።»

የማር ኬክ ይዤለት ነበር። ባልዲው ላይ አስቀመጠው፣ አልከፈተውም። ከዚያ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የኔ ጽሑፍ። ግልባጭ።

«አርካዲዩሽ ሰጠኝ። ዛሬ በዚህ አገር ሁለት ገጽ በእጁ የሚጽፍ ሰው ካንቺ ሌላ ማን አለ? ነፍቼ ዜሮ ሲል ነው ያወቅሁት፤ የሸተተው ጠብታዬ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ያለሽው አንቺ ነሽ። ስደውልልሽ አውቄ ነበር።»

መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር።

«ለምን አልተናገርክም?»

«እስክትነግሪኝ ስጠብቅ። ሁለት ወር ጠበቅሁሽ።» ቱቦውን ዘጋው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኳሩን ከእጅሽ እየተቀበልኩ ነው ጠብታዬን የዋጥኩት። አንተ ሰውዬ ምን እያደረግህ ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

አለቀስኩ። እሱ ግን እንደ ድሮው «በይ በይ» አላለኝም። እያጠበ ቀጠለ። ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ሴትየዋ አድራሻዬን እንደጠየቀችው፣ እሱ ግን «ቤቷ ሄደሽ አታስደንግጫት፣ ሥራዋ ላይ ሳለች ጠንካራ ናት፣ እዚያ አናግሪያት» እንዳላት ነገረኝ። «ወረቀት ይዛለች። ያንቺን ወረቀት። የድሮውን።»

ሲሟገትልኝ ነበር የጻፍኩበት።

ሴፕቴምበር 10፣ ማክሰኞ፣ ዱናየትስ ወንዝ

አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሰላም አለችኝ፣ እኔም አልኳት። ሁለታችንም እንዳወቅን ሁለታችንም አውቀናል። እስከ ተራራው አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ነገሥታት አወራሁ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ከግንድ የተሠራው ታንኳ ላይ ከኔ አጠገብ ተቀመጠች። ቀዛፊው ጥልፍ ሰደርያውን ለብሶ እንደ ልማዱ ይቀልዳል። «እመቤቶቼ፣ አትፍሩ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ነው! የሰጠመ ሰው ጉልበት!» ሁሉም ሳቀ። እሷ በዚያ ሳቅ መሃል ነው ከቦርሳዋ ያወጣችው። ሦስት ገጽ፣ በላስቲክ የተሸፈነ።

«የድሮው የስለላ ሪፖርቶች መዝገብ ቤት ስምዎንም ጨምሮ ሰጠኝ። የቪቶልድ ሳርና ልጅ ነኝ።»

ሳርና። ወንበር አሥራ ሰባት። 1980፣ መኸር።

«ምን ልታደርጊ… ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳት። «ለጋዜጣ?»

«ጋዜጣ ምን ያደርግልኛል?» ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «የአባቴ ፎቶ ሦስት ነው ያለኝ። በሦስቱም ቆሞ ካሜራ ያያል። እዚህ ላይ ግን ይሄዳል። ድልድይ ላይ ቆሞ በቆሎ ይበላል። ሌላው ሲዘፍን እሱ አይዘፍንም። ሰማንያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በደንብ ነው የሚጽፉት፣ ወይዘሮ ሮማና።»

ከዚህ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ነገረችኝ። አባቷን ወደ ዩጎዝላቪያ ባሕር ስንሻገር ድንበር ላይ ከአውቶቡስ አውርደው መለሱት። ከሚሠራበት የወፍጮ ፋብሪካ መሐንዲስነት ተባረረ። መርማሪዎቹ እናቷን ጠርተው ከሪፖርቱ አንድ መስመር አነበቡላት፦ ተሳፋሪ 17 ለልጁ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ የክረምት ጫማ ገዝቷል፤ ይህም ልጁን ለረጅም ጊዜ እንደማያይ ያመለክታል። እናቷ በሩን ዘጋችበት። ክረምቱን ሙሉ አንኳኳ። እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠራት መንገድ ተሻግራ ትሄድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሞተ።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ሦስቴ የተሳፈርኩት ለዚህ ነው፤ አፌ እምቢ እያለኝ። እርስዎ አይተውታል። ጥሎን ሊሄድ ነበር?»

ውሃው ግንዱን ይመታል። አርባ ሰው ተራራ እያየ ፎቶ ያነሣል።

«አላስታውስም» አልኳት። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው።»

«እሺ» አለች። ወረቀቱን መልሳ አስገባችው።

ሴፕቴምበር 11፣ ረቡዕ፣ ዛኮፓኔ

አስታውሳለሁ።

ቡዳፔስት ላይ፣ ከገበያ ስንመለስ፣ ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ ከፍቶ አሳየኝ። ቀይ፣ ውስጡ ጠጉር። የቀረው ተሳፋሪ ቋሊማ ገዝቷል፣ እሱ ጫማ። «አልበዛም?» አልኩት። ሳቀና፣ «የዛሬ ዓመት እኛ አገር ሱቅ ጫማ የሚኖር ይመስልዎታል? ታድጋለች፣ ታደርገዋለች» አለኝ። በዚያን ጊዜ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ሲያገኝ አስፍቶ ነበር የሚገዛው። ማንም ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

ጉዞው ወደ ባሕሩ ስለሚቀጥል፣ ያን ማታ እዚያው ላለው የቆንስላችን ሰውዬ ወረቀት ማስገባት ነበረብኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጉዞ ባዶ አስገብቼ ነበር። «አውቶቡስሽ የሚጭነው መላእክት ብቻ ነው?» ብሎኛል። ፓስፖርቴን አሰብኩ። ባሕሩን አሰብኩ። ጫማውን ጻፍኩ፣ የተናገረውን ተውኩት። አንድ መስመር ነች። ሰው አንድ መስመር ቢተው ምን ይሆናል ብዬ ነበር።

ነገ ብነግራት ምን አገኛለሁ? ምንም። ጥላኝ ትሄዳለች፣ ቢሮ ትሄዳለች፣ አልፈርድባትም። ዝም ካልኩ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የኔ ነው። ነገ ከሰዓት ኦፖሌ ላይ ትወርዳለች፣ ከዚያ አላያትም። ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ጠዋት፣ ድፍረቴ ሳይጠፋ፣ አስቀድሜ ለአርካዲዩሽ ደወልኩ። የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሽታው የሆድ ጠብታ እንደሆነ፣ ያንንም ስጽፍ አውቄው እንደነበር ነገርኩት። «ወይዘሮ ሮማና፣ ይሄ እኮ… የሚቀጥለው ዓመት…»

«አውቃለሁ። ዜኖንን ወደ መሪው መልሰው።»

«እሺ» አለ ልጁ።

ለምሳ መንገድ ዳር ቆምን። ቤአታ ጥግ ይዛ ኮምጣጣውን የአጃ ሾርባ ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች፣ አልነካችውም። ሳላስፈቅድ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ጫማውን፣ ሳቁን፣ ያለውን ቃል። ስለ ፓስፖርቴም ነገርኳት፤ ያለ እሱ የቀረው ግማሽ እውነት ይሆናል።

አላለቀሰችም። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ልክ እንዲህ ነው ያለው? ይድገሙልኝ።»

«ታድጋለች፣ ታደርገዋለች።»

«እንደገና።»

ሦስት ጊዜ አልኩላት። ከዚያ፣ «ሲስቅ እንዴት ነበር የሚስቀው?» አለችኝ።

«በአፍንጫው። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።»

ይሄን ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንዲት ተሳፋሪ መጥታ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው አለችኝ፤ በእጄ አሳየኋት። ቤአታ ወደ እኔ ስትዞር ድምፅዋ ደርቆ ነበር።

«ይጻፉልኝ። እንደ ያኛው፣ ምንም ሳይቀር። ግን በስምዎ።»

ከዚህ ደብተር ቅጠል ቀድጄ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ሾርባው በረደ፣ አሳላፊዋ መጥታ አነሣችው። ከታች ሮማና ዱዴክ ብዬ ፈረምኩ። የዛፏን ስም ከጎኑ በቅንፍ ጻፍኩት፣ እንዳይጠፋባቸው።

ኦፖሌ ስንደርስ ሻንጣዋን እኔ አወረድኩላት። ወረቀቱን በእጇ ይዛለች።

«እናቴ አለች» አለችኝ። «ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ማታ አነብላታለሁ።»

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። እናትየዋ ሕያው ናት። በሩን የዘጋችው ሴት። አሮጊቷ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ያን መስመር ስትሰማ ታየኝ።

«ቤአታ» አልኳት፣ «እባክዎን። በዚህ ዕድሜያቸው… ትንሽ ቢተዉላቸው አይሻልም?»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። እውነት መልሱን የምትፈልግ ነው የምትመስለው።

«የቱን መስመር ልተውላት?»

ሻንጣዋን ተቀበለችኝና ወደ ጣቢያው ሄደች።